እትዬ ኔዳ በደንቡ መሠረት የሞቱበት ሳምንት

ሰው ክቡር ነው። ሞቶ ሲገኝ ደግሞ እጅግ ክቡር ነው። ይህን ታላቅ እውነት የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ከማንም ቀድሞ ስለተረዳ፣ ሕያው ሰው ጉዳይ ይዞ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ይለዋል፤ የሞተ እንደሆነ ግን ውሎ ሳያድር የአበባ ጉንጉን ይልክለታል። በዚህ ማዘጋጃ ቤቱን የሚያማ ካለ የአስተዳደር ጥበብ ያልገባው ነው። ሕያው ሰው ይጠይቃል፣ ይጨቀጭቃል፣ በምርጫ ዋዜማ ልቡ ይሸፍታል። ሙት ግን አመለ ሸጋ ነው። አንድም ሙት አቤቱታ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በቅናት ነው፤ በእኛ ከተማ ትልልቅ ሥራዎች ሁሉ የሚጀመሩት እንዲሁ ነው። ከኮረብታው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን፣ ያቺ ከዱባ ሌላ የምትታወቅበት ነገር ያልነበራት ከተማ፣ በጸደይ ወራት የአውቶቡስ ጣቢያዋን በአንድ ሟች አስተማሪ ስም ሰየመች። የአውራጃው አስተዳዳሪ መጡ። ቴሌቪዥን መጣ። ማርሽ ባንድ ተነፋ። ክቡር ከንቲባችን ቲሆሚር ይህን ማታ በዜና ሲያዩ ያነሱት የራኪያ አረቄ ብርጭቆ አየር ላይ ቀረ።

«ዱባ ሻጭ ሁላ!» አሉ። «ለነሱ ሙት ተገኝቶ ለኛ ይጥፋ?»

ምርጫው በመከር ወር ነበር።

በማግስቱ የሟች አፈላላጊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከተማችን መቼም ሙት አጥታ አታውቅም፤ መቃብራችን ከከተማው ይሰፋል። የጠፋው ለሕንፃ የሚበቃ ሙት ነው። አንዱ ከንጉሡ ጋር ፎቶ ተነሥቷል። ሌላው ንጉሡን ካባረሩት ጋር ተነሥቷል። ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር ተነሥቶ፣ ፎቶዎቹን እንደየዘመኑ እያቀያየረ ግድግዳው ላይ ሲሰቅል ኖሮ በሰላም አርፏል። ኮሚቴው ሲከራከር፣ ሲሳደብ፣ ቡና ሲጠጣ ሰንብቶ በመጨረሻ ሁሉም ያለ ጠብ የተስማሙባቸውን አንድ ሰው አገኘ፤ እትዬ ኔዳን። የከተማው ሰው ሁሉ ያከብራቸዋል፣ ከማንም ፓርቲ አልወገኑም፣ ከማንም ንጉሥ ጋር ፎቶ አልተነሡም። የተገኘባቸው ጉድለት አንድ ብቻ ነው። አልሞቱም።

እትዬ ኔዳ ማን እንደሆኑ ከተማው ያውቃል። አደባባዩ ላይ ያለው ባለ ሁለት ፎቁ ሕንፃ ዛሬ ክሊኒክ ሆኖ የቆመው በእሳቸው ነው። ያ ሕንፃ መጀመሪያ በንጉሥ ስም ይጠራ ነበር፤ ቀጥሎ በአንድ ታጋይ ስም፤ ቀጥሎ «ነፃነት» ተባለ። የሁሉም ፊደል ጥላ እስካሁን ግንባሩ ላይ ይታያል። «ነፃነት» በተባለ በዓመቱ የዚያን ጊዜው ከንቲባ ለአንድ ሶፋ ነጋዴ ሊሸጠው ሲል፣ እትዬ ኔዳ ወንበራቸውንና የሹራብ መርፌያቸውን ይዘው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሌሎች ሴቶችም ወንበር ይዘው መጡ። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ውስጥ ሹራብ ሲሠሩ ከረሙ። ነጋዴው ሶፋውን ይዞ ሄደ፤ የከተማው ልጅ ሁሉ በዚያ ዓመት አዲስ ሹራብ ለበሰ፤ ከዋና ከተማው ከሶፊያ ሐኪም መጣ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም በሄደ ቁጥር ሌላ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ወንበራቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይቀመጣሉ። አሁን ያለው ዶክተር ያሰን ይባላል፤ ወጣት ነው፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የሚውለው። ባለፈው ዓመት የእትዬ ኔዳ ባል አቶ ሚንኮ ልባቸውን ይዘው አደባባዩ ላይ ሲወድቁ በዚያው ነጠላ ጫማ ሮጦ ደርሶ ነፍሳቸውን መለሳት። የአውራጃው ሆስፒታል መንገዱ ደግ የዋለ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። መንገዱ ደግ የዋለበት ቀን ደግሞ ትዝ የሚለው ሰው የለም።

እንግዲህ ክቡር ከንቲባው ከጸሐፊያቸው ከካመን ጋር ሆነው፣ እቅፍ ቀይ አበባ ይዘው እትዬ ኔዳ ቤት መጡ። እትዬ ኔዳ በሩን ከፈቱ፤ «ደህና ዋላችሁ» ከማለታቸው በፊት ዓይናቸው አበባው ላይ አረፈ። በእኛ አገር አበባ ሳይቆጥር የሚቀበል ሴት የለችም። ለሕያው ሰው የሚሰጠው ጎዶሎ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚያልቀው የሙት ነው።

«ስምንት» አሉ እትዬ ኔዳ። «ማን ሞተ?»

ከንቲባው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ወደ ጣራው ዞረ።

«እትዬ ኔዳ፣ ሻጯ ተሳስታ ነው!» አሉ ከንቲባው። ፈጥነው የበሩን እንጨት አንኳኩ፤ የጆሯቸውንም ጫፍ ጎተት አደረጉ። ክቡርነታቸው ብዙ ያነበቡ ዘመናዊ ሰው ቢሆኑም ክፉ ነገር ሲነሣ እንጨት ሳያንኳኩ አያልፉም። ጥቁር ድመት ካዩ ስብሰባ ያራዝማሉ።

እትዬ ኔዳ አንዷን አበባ መዝዘው ለሚንኮ ሰጡና ሰባቱን ውኃ ውስጥ ከተቱ። «ግቡ። ምን እግር ጣላችሁ?»

«ክብር ነው ያመጣንልዎ!» ከንቲባው ሳይቀመጡ ጀመሩ። «አያቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለዋል። ማዘጋጃ ቤቱ በአደባባዩ ላይ ያለውን ሕንፃ በስምዎ ሊሰይመው ወስኗል። በእምነበረድ! በወርቅ ፊደል!»

«ክሊኒኩን?»

«ክሊኒክ የነበረውን» አለ ካመን።

«ምን ማለት ነው ‹የነበረውን›?»

«እትዬ ኔዳ፣ እስቲ ያስቡት» አሉ ከንቲባው በለሰለሰ ድምፅ። «ስምዎ በወርቅ በተጻፈበት በር ሰው እያሳለ ይግባ? ሽንቱን በብልቃጥ ይዞ ይግባ? ነውር አይደለም? ስለዚህ ሕንፃው የማዘጋጃ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሆናል። የሐኪሙ ክፍል ደግሞ የእርስዎ መታሰቢያ ክፍል ይሆናል። ወንበርዎና የሹራብ መርፌዎ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣሉ።»

«ሐኪሙስ?»

«ወደ ጎረቤት ከተማ ይዛወራል።»

«ወደ ዱባዎቹ?»

«ለጊዜው።»

አቶ ሚንኮ አንዷን አበባ እንደያዙ በረጅሙ ተነፈሱ። እትዬ ኔዳ ባላቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ከንቲባውን አዩ።

«ስማኝ ቲሆሚር። ስሜ ይቅርብኝና ሐኪሜን ተውልኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ነው መቀመጥ የምፈልገው እንጂ መስታወት ውስጥ አይደለም።»

«ተመልከት ካመን!» አሉ ከንቲባው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ተመልከት ትሕትና! ታላላቅ ሰዎች ሁሌ እንዲህ ነው የሚሉት። ‹ተስማምተዋል› ብለህ ያዝ።»

«አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል» አለ ካመን፤ ጸሐፊው ሕግ ያጠና ልጅ ነው። «የሕንፃ ስያሜ ደንቡ ባለስሙ ሟች መሆን አለበት ይላል።»

«እና እስክሞት ልትጠብቁ?»

«ኧረ አያስቸኩልም! ደግሞም ደንቡን በጥሞና አይቼዋለሁ። ሟች መሆን አለበት ይላል እንጂ መሞት አለበት አይልም። ለአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሞቱ ይቆጠራሉ። ኑሮዎን ይቀጥላሉ፤ ማንም አይነካዎትም።»

«ውጡልኝ» አሉ እትዬ ኔዳ። ካመን ይህንንም እንደ ትሕትና ያዘው።

ሳምንቱ እንዲህ ተጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱ የምረቃውን ቀን ለሕዝብ ለማሳወቅ፣ የእትዬ ኔዳን ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ እንዲታተም አዘዘ። ከተማችን አንድ ማተሚያ ቤት አላት፤ ባለቤቱ ጌንቾ ነው። ጌንቾ ፎቶግራፍ ያለበት ነገር ሲያትም የኖረው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የመርዶ ወረቀት። ሰው ሲሞት፣ አርባው ሲሆን፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ በየበሩ፣ በየዛፉ፣ በየአውቶቡስ ፌርማታው የምንለጥፈው፣ ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት። ሌላ ክፈፍ የለውም፤ ጠይቆት የሚያውቅም የለም። ከንቲባው በገዛ እጃቸው የጻፉት ቃል ደግሞ «የማትረሺዋ እናታችን ኔዳ፣ ለዘላለማዊ መታሰቢያሽ ቅዳሜ በአደባባይ እንሰበሰባለን» የሚል ነበር። ጌንቾ አነበበና ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ማሽኑን አስነሣ።

ሰኞ ጠዋት ከተማው በእትዬ ኔዳ ፊት ተሞላ።

በመጀመሪያ በራቸውን ያንኳኳችው ጎረቤታቸው ስቶይና ናት። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በሣህን ይዛ፣ ገና ከደጅ እያለቀሰች መጣች። በሩን የከፈቱላት ሟቿ ናቸው።

«እኔን! ኔዳ! ሞተሻል እኮ!»

«መቼ?»

«እንጃ፣ ሌሊት መሰለኝ። ዳቦ ቤቱ ላይ ተለጥፏል። ፎቶሽ እንዴት አምሯል መሰለሽ!»

«ስቶይና፣ ቆሜ እያየሽኝ!»

ስቶይና ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ደስ አላት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልነበረም። «ታዲያ ንፍሮውን ምን ላርገው?» አለች። «ከንጋት ጀምሮ ነው የቀቀልኩት። ዋልነት ሁሉ ጨምሬበታለሁ።»

«አምጪው፣ እንበላዋለን። ዳቦ ቤቱ ላይ ነው የተለጠፈው ያልሽው?»

እትዬ ኔዳ ቃሉን ሳይጨርሱ ወደ በሩ ዞሩ። አቶ ሚንኮ ዳቦና እርጎ ሊገዙ ከወጡ ቆይተዋል።

አቶ ሚንኮ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ደርሰው ነበር። በሩ ላይ ሚስታቸውን አዩ። ጥቁር ክፈፉን አዩ። «አሁን ነው እኮ እርጎ እንዳትረሳ ያለችኝ» አሉ ለዳቦ ሻጩ፤ ቀጥለው ደረታቸውን ያዙና በግድግዳው ላይ ተንሸራተው ቁጭ አሉ። ዳቦ ሻጩ ጮኸ። አደባባዩን ተሻግሮ ነጠላ ጫማው እየተማታ ዶክተር ያሰን ደረሰ፤ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ኪኒን አጎረሳቸው፤ ተሸክሞ ክሊኒኩ አልጋ ላይ አስተኛቸው። እትዬ ኔዳ በጓዳ ጫማ ሮጠው ሲገቡ አቶ ሚንኮ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኔዳ፣ እዚህም ቀድመሽኝ መጣሽ?»

«አንተ ሞኝ፣ ክሊኒክ ነህ። እርጎውስ?»

«ሞተሽም ትቆጪኛለሽ?» አሉ አቶ ሚንኮ፤ ያኔ ሚስታቸው በሕይወት እንዳሉ አረጋገጡ።

ዶክተሩ እትዬ ኔዳን ወደ ኮሪደር ጠራቸው። «እትዬ ኔዳ፣ አቶ ሚንኮ ለትንሽ ነው የተረፉት። ሌላ ጊዜ እዚህ አቅራቢያ ሰው ከሌለ...» አለና አቆመ። በክፍሉ ጥግ ዕቃው በካርቶን ታስሮ ተቀምጧል። «ዓርብ መኪና ይመጣል ተብያለሁ።»

እትዬ ኔዳ በጓዳ ጫማቸው በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። የንዴታቸውን መጠን ለመግለጽ ያህል፣ መንገድ ላይ አራት ሰው «ነፍስ ይማር» ሲላቸው ለአንዱም አልመለሱም።

ምክር ቤቱ በዚያች ሰዓት ስለ ስያሜው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ነበር። እትዬ ኔዳ በሩን በርግደው ሲገቡ የተከበሩት አባላት በሙሉ ተነሥተው፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ ለሟቿ ኔዳ የኅሊና ጸሎት እያደረሱ ነበር።

«ቲሆሚር!»

«እሽሽ» አሉ ከንቲባው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እባክዎ። ለሟቿ ክብር ሲባል።»

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፤ እትዬ ኔዳም ዝም አሉ። አሳዳጊ የበደላቸው ሴት አይደሉም፤ ሰው በጸሎት ላይ እያለ አይጮኹም። ለገዛ ነፍሳቸው ጸሎት እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ቆሙ።

«አመሰግናለሁ» አሉ ከንቲባው ሲቀመጡ። «አሁን ምን ልታዘዝ?»

«አልሞትኩም! ባሌን በዚያ ወረቀትህ ልትገድልብኝ ነበር!»

«አዝናለሁ። ክፈፉ የጌንቾ ስሕተት ነው» አሉ ከንቲባው። «ግን እትዬ ኔዳ፣ እንደ አዋቂ እንነጋገር። ሕዝቡ አልቅሷል። ንፍሮ ቀቅሏል። ሕዝብን ‹ሐዘንህን መልስ› ማለት ዲሞክራሲ ነው? እኛ የሕዝብን ስሜት እንከተላለን እንጂ አንቀድምም።»

«ደግሞም አስተዳዳሪው ቅዳሜ እንደሚመጡ አረጋግጠዋል» አለ ካመን።

«ዓርብ ሐኪሙ ይሄዳል። ሚንኮዬ ቅዳሜ ቢወድቅ ማን ነው የሚያነሣው? መስታወት ውስጥ ያለው ወንበሬ?»

ካመን አጀንዳውን አገላበጠ። ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ ነበር።

እትዬ ኔዳ አንድ በአንድ አዩአቸው። ከመካከላቸው በዚያ ክሊኒክ ያልታከመ አልነበረም፤ አብዛኛዎቹ በእሳቸው ሹራብ ነው ያደጉት። ያኔ ወንበራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን ተረዱ፤ ወንበሩን ለመታሰቢያ ክፍሉ ይወስዱታል።

«እሺ» አሉ።

«እሺ?» አሉ ከንቲባው።

«እንደሞትኩ ቁጠሩኝ። ቅዳሜ ግን ስለ ሟቿ የሚናገር ዘመድ ያስፈልጋል አይደል?»

ከንቲባው በደስታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በፕሮግራሙ ላይ ከማርሽ ባንዱ ቀጥሎ «የሟቿ ቤተሰብ ተወካይ ንግግር፣ ወይዘሮ ኔዳ» ተብሎ ተጨመረ። አንድም አባል ግራ የገባው የለም።

እትዬ ኔዳ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በጌንቾ ማተሚያ ቤት በኩል አለፉ።

«ጌንቾ፣ ያ ክፈፍህ አሁንም አለ?»

«እትዬ ኔዳ! ይቅር ይበሉኝ፣ በስሕተት ነው፣ ከሱ ሌላ ክፈፍ እኮ የለኝም...»

«እሱኑ ነው የምፈልገው» አሉና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ዓርብ መኪናው መጣ። ዶክተር ያሰን ካርቶኖቹን ጭኖ ወደ ዱባዎቹ ከተማ ሄደ። አቶ ሚንኮ በመስኮት ቆመው እጃቸውን አወዛወዙለት፤ የኪኒናቸውን ብልቃጥ ከዚያች ሰዓት ጀምረው ከኪሳቸው አላወጡትም። እትዬ ኔዳ ያን ሌሊት የባላቸውን ትንፋሽ ሲያዳምጡ አደሩ።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳትቀር የማዘጋጃ ቤቱ ደጋፊ ሆና ወጣች። የሕንፃው የፊት ግድግዳ ተቀብቷል፤ የጎኑ ግድግዳ በቴሌቪዥን ስለማይታይ አልተቀባም። እምነበረዱ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። የአውራጃው አስተዳዳሪ መጡ፤ እንደ ወጉ ዳቦና ጨው ቀረበላቸው፤ ቆርሰው ቀመሱ። ማርሽ ባንዱ የሚያውቃቸውን ሁለቱንም ዜማዎች ነፋ። ካህኑ ጸበል ረጩ። ክቡር ከንቲባው ረዥም ንግግር አደረጉ፤ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አሉት። ጨርቁ ተነሣ። የእትዬ ኔዳ ስም፣ የልደት ዘመናቸውና፣ ለደንቡ ሲባል፣ የሞቱበት ዘመን በወርቅ ፊደል ብልጭ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ቀጥሎ የሟቿ ቤተሰብ ተወካይ ወጡ።

«ክቡር አስተዳዳሪ፣ ክቡራን እንግዶች» አሉ እትዬ ኔዳ። «ሟቿን እኔ በቅርብ አውቃታለሁ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ሞኝ ግን ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሐኪም ስትለምን ኖረች፤ ብትሞት ኖሮ እምነበረድ እንደሚሰጣት አላወቀችም። ውለታ ደግሞ በአንድ ወገን አይቀርም። ሴቶቹ ተመካክረን፣ ይህን አደባባይ በውድ ከንቲባችን በቲሆሚር ስም ለመሰየም ቆርጠናል።»

ከንቲባው በሁለት እጃቸው ደረታቸውን ነኩ። አስተዳዳሪው አጨበጨቡ። ክቡርነታቸው ይህን ያህል ደስ ብሏቸው አያውቅም።

«ደንቡን ጸሐፊው አስረድቶናል» ቀጠሉ እትዬ ኔዳ። «ባለስሙ ሟች መሆን አለበት። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀውን አድርገናል። ስቶይና፣ ጀምሪ።»

ስቶይና ከሰልፉ ወጣች። ከንቲባው ፊት ቀርባ አበባ ሰጠቻቸው። ሁለት አበባ። ኋላዋ ያለችው ሁለት። ከዚያችም ኋላ ያለችው ሁለት። የከተማው ሴት ሁሉ ተሰልፏል፤ እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ቀይ አበባ በከንቲባው ክንድ ላይ እያኖረች «ነፍስ ይማር» እያለች ታልፋለች። ከንቲባው ለቴሌቪዥኑ ሲሉ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ፤ ዓይናቸው ግን ይቆጥራል። በእጃቸው የሚያንኳኩት እንጨት ፈለጉ፤ እጃቸው በሙት አበባ ተሞልቷል። ጆሯቸውን ለመጎተት ሞከሩ፤ አልደረሱበትም። ቢያንስ ዛፍ ልይ ብለው ሊፓ ወደሚባሉት የአደባባዩ የጥላ ዛፎች ዞሩ።

በየዛፉ ላይ የገዛ ፊታቸው ተለጥፏል። ባለፈው ምርጫ የተነሡት ያ የሚያምረው ፎቶግራፍ፣ በጌንቾ ጥቁር ክፈፍ ውስጥ። «የማትረሳው አባታችን ቲሆሚር፣ ለዘላለማዊ መታሰቢያህ» ይላል።

«ማ... ማ...» አሉ ከንቲባው። ፊታቸው አዲስ እንደተቀባው ግድግዳ ነጣ። አበባው ተበተነ፤ እሳቸውም በላዩ ላይ ተዘረጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የከተማችንን የአስተዳደር ብቃት በጉልህ ያሳየ ነበር። ባለሥልጣናቱ ከንቲባቸውን ተሸክመው፣ የቴሌቪዥኑን ካሜራ አስከትለው በቅርብ ወዳለው ሕንፃ ሮጡ፤ ቅርብ ያለው ሕንፃ ደግሞ የእትዬ ኔዳ መታሰቢያ ነው። የሐኪሙን ክፍል ከፈቱ። አልጋው አለ፤ ግን በገመድ ተከልሎ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፎበታል። የደም ግፊት መለኪያው አለ፤ ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ ለጥንቃቄ ሲባል ማዘጋጃ ቤት ነው። ካመን ገመዱን ማለፍ ይቻል እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ አሰበ፤ የከበዳቸው ተሸካሚዎች ግን ከንቲባውን በገመዱ ላይ አሳልፈው አልጋው ላይ አጋደሙ።

«ሐኪም ጥሩ!» አሉ አስተዳዳሪው።

«ሐኪሙ ጎረቤት ከተማ ነው ክቡር አስተዳዳሪ።»

«እዚህ ክሊኒክ የለም እንዴ?»

«ነበረ» አለ ካመን። «አሁን የቆሙበት ክፍል ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የዘጋው?»

ሁሉም አልጋው ላይ ወደተዘረጋው ሰው አዩ።

በዚህ መሃል አቶ ሚንኮ ሰውን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። ከኪሳቸው ያን ብልቃጥ አወጡ፤ እትዬ ኔዳ ገመዱን በጉልበታቸው ገፍተው አለፉና የከንቲባውን መንጋጋ ያዙ።

«አፍህን ክፈት ቲሆሚር። ምላስህን አንሣ። እንዲህ። ጎበዝ።»

ከንቲባው ዓይናቸውን ገለጡ። በላያቸው ሁለት ፊት አዩ፤ አንደኛው የሟቿ ነው። «እትዬ ኔዳ» አሉ በሹክሹክታ፣ «የት ነው ያለሁት?»

«በእኔ መታሰቢያ ውስጥ ነህ ልጄ። አይዞህ፣ ማንም አይነካህም። እንደሞትክ ትቆጠራለህ እንጂ ኑሮህን ትቀጥላለህ።»

«ሐኪም!» ከንቲባው ጮኹ። «ሐኪሙ ይምጣ!»

«ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው?»

«ለዘለቄታው! ይመለስ! እዚሁ ይቀመጥ! ነፍሴን አትርፉልኝ፣ ይመለስ!»

«ክቡር አስተዳዳሪ ሰምተዋል» አሉ እትዬ ኔዳ። «ቴሌቪዥኑም ሰምቷል።»

ዶክተር ያሰን ከዱባዎቹ ከተማ በዚያ ደግ ባልዋለ መንገድ እየተንገጫገጨ ደርሶ ከንቲባውን መረመረ። ልባቸው እንደ በሬ ነው። «ፍርሃት ነው» አለ። «ከአበባ ይራቁ።» ማታ ዜናውን ሲያዩ የጎረቤታችን ከተማ ከንቲባ እስኪያለቅሱ ሳቁ ይባላል።

ሰኞ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። «ክቡር ከንቲባው በከተማው የጤና አገልግሎት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ክፍተት በገዛ አካላቸው ፈትሸው ስላረጋገጡ» የሚል ምስጋና ቀርቦላቸው፣ ክሊኒኩ እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። እምነበረዱ ግን አልተነሣም፤ ለማንሣት ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል።

መከር ገባና ምርጫው ደረሰ። ከንቲባው ተሸነፉ። ሕዝቡ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የመርዶ ወረቀቱ አንዴ የታየን ሰው መምረጥ ለማንም ይከብዳል። ስቶይና፣ ቲሆሚር በመንገድ ሲያልፉ ባየች ቁጥር፣ ሻሿን እያስተካከለች «ደግ ሰው ነበር» ትላለች፤ እሳቸውም በሌላኛው መንገድ መሄድ ለምደዋል። የተመረጠው ካመን ነው። አሁን በየማዕዘኑ ሕያው ሰው ሲያይ ቆም ብሎ ጤንነቱን በትሕትና ይጠይቃል።

ባለፈው ጠዋት እትዬ ኔዳና አቶ ሚንኮ በሚስቲቱ ስም በተጠራው ሕንፃ ኮሪደር፣ በዚያው በድሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ቲሆሚር በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። ለደም ግፊት ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አልተዋቸውም። እቅፍ አበባ ይዘዋል። ከእትዬ ኔዳ ፊት ቆመው አቀረቡላቸው።

እትዬ ኔዳ ቆጠሩ።

«አምስት» አሉ። «ጎሽ፣ ተምረሃል።»

«እትዬ ኔዳ፣ እኔ እንኳ ለደቂቃ ነው፣ ቀደም ብዬ ገባ ብል...»

«ቲሆሚርዬ፣ በሩ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የ... የእርስዎ።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና ተራህን ጠብቅ።»